«ሰዎች ሁሉ ሊድኑ ይወዳል» እና «አስቀድሞ ወስኗል» እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በፋሲካ ሰሞን ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ነበር። ጴንጤ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ዶሮው ከመሶቡ ሳይነሳ ክርክር ተነሳ። እሱ ሮሜ 9ን ከፈተ። «ያዕቆብን ወደድሁ ኤሳውን ግን ጠላሁ» ይላል። ያውም ልጆቹ ገና ሳይወለዱ፣ በጎ ወይም ክፉ ሳይሠሩ ነው ይላል። ስለዚህ እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር መርጧል፣ የቀሩትን አልፏቸዋል አለ።

አባቴ ደግሞ አንዲት ጥቅስ ይዞ ሙጭጭ አለ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4፤ «ሰዎች ሁሉ ሊድኑና እውነቱን ወደ ማወቅ ሊደርሱ ይወዳል»። ሁሉን የሚወድ እንዴት ግማሹን ያልፋል ነው ነገሩ። ልጁ መልስ ነበረው፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። እናቴ ቡናውን እየቀዳች «ሁሉም የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ተዉት» ብላ ዘጋችው።

ለእኔ አልተዘጋልኝም። የምታውቁ በትዕግሥት አስረዱኝ። ስድብ አልፈልግም።

የዲማው፦

እንኳን ጠየቅሽ እህቴ። በልጅነቴ ዲማ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ መጽሐፍ ቤት የገባሁት ኋላ ነው። መምህር ነኝ አልልም፤ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ልንገርሽ።

በቅድሚያ እናትሽ ካልቪንን (የአክስትሽ ልጅ የሚለውን ያስተማረውን የፈረንጅ ፕሮቴስታንት መምህር) ሳያነቡት አልፈውት ሄደዋል። ካልቪን እንኳ ወሳኙ እግዚአብሔር ነው ይላል። የአርባ ቀን ዕድል ግን ማን እንደወሰነው አይታወቅም። አይለመንም፣ አይታረቅም። ስንቱ ጎጃሜ ቅዳሴ ላይ ተዋሕዶ ነው፤ ከብቱ የሞተበት ቀን ግን ዕድል አምላኪ ይሆናል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል። ማወቁ ግን ማንንም አያስገድድም። ሮሜ 8፥29ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። «አስቀድሞ ያወቃቸውን» ብሎ ነው «አስቀድሞ ደግሞ ወስኗል» የሚለው። ዕውቀቱ ይቀድማል።

ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ሁለት ፈቃድ ይለያል። ፊተኛው ፈቃዱ ኃጢአተኛው እንዳይጠፋ ነው፤ ይህን አጥብቆ ይሻዋል። ሁለተኛው፣ አልመለስም ብሎ በክፋቱ የጸናው እንዲፈረድበት ነው። ወደ ሁለተኛው የምንገፋው እኛ ነን። ሕዝቅኤል 33፥11 ላይም የኃጢአተኛውን ሞት አልፈቅድም ይላል። በሲራክ 15 ደግሞ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቧል፤ እጅህን ወደ ወደድኸው ዘርጋ ተብሏል። የአክስትሽ ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ሲራክ የለውም፤ እሱ ላይ ግን አትሙገቺው፤ ሌላ ክርክር ይከፍትብሻል።

ያዕቆብና ኤሳውን በተመለከተ ዘፍጥረት 25፥23ን እዪ። ርብቃ የተነገራት ሁለት ወገኖች በማሕፀንሽ አሉ ተብሎ ነው። «ኤሳውን ጠላሁ» የሚለው ከሚልክያስ የመጣ ነው። በሚልክያስ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ከሞቱ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። የሚያወራው ከሁለቱ ስለወጡት ሕዝቦች፣ ስለ እስራኤልና ስለ ኤዶም ነው። ኤሳው ገሃነም ገባ የሚል ቃል እዚያ የለም።

ሮሜ ስምንት፦

ከባህር ዳር ነኝ። የአክስትሽ ልጅ ወገን ነኝ ማለት ይቻላል። የዲማውን አከብራለሁ፤ በደንብ ጽፏል። ግን አንዳንድ ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2ን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። «ስለ ሰዎች ሁሉ» ካለ በኋላ ነገሥታትንና መኳንንትን ይጠቅሳል። ካልቪን «ሁሉ» የተባለው ከየወገኑ፣ ከንጉሡም ከድሃውም ማለት ነው ይላል። የእሱ ፈጠራም አይደለም። የላቲኖቹ አባት አውግስጢኖስ (354–430) ከእሱ በፊት እንደዚያ ተርጉሞታል።

ሁለተኛ፣ ዮሐንስ 6፥44። «የላከኝ አብ ከሳበው በቀር ወደ እኔ ሊመጣ የሚችል የለም»። አይመጣም ሳይሆን አይችልም ነው የተባለው።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። የጠፋ ወንድም አለሽ እንበል። ትጸልዪለታለሽ። ምን ብለሽ? «ጌታ ሆይ፣ ዕድል ስጠውና እሱ ይወስን» ትያለሽ? አትዪም። «ልቡን መልስልኝ» ነው የምትዪው። ሰው ሁሉ ሲከራከር የነጻ ፈቃድ ሰው ነው፤ ሲንበረከክ ግን የእኔን ሃይማኖት ይጸልያል።

ደግሞ አስቀድሞ አውቆ ነው ማለት ጥያቄውን አያስቀረውም። እንደማይድን እያወቀ ከፈጠረው፣ ለምን ፈጠረው የሚለው ለእናንተም ይመጣል። እኔም ነገሩ ቀላል ነው አልልም። ካልቪን ራሱ ውሳኔው አስደንጋጭ ነው ብሎ ጽፏል።

ዘብ ነኝ፦

ተሐድሶ ሁላ! መናፍቅ እዚህ ምን ይሠራል? አስተዳዳሪ የለም እንዴ? ይሄ…

አስተዳዳሪ፦

አለሁ። የቀረውን ቆርጬዋለሁ። ጠያቂዋ ስድብ አልፈልግም ብላለች፤ እኔም አልፈልግም።

ወገን፣ ጎጃም እኮ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በቅባትና በተዋሕዶ ተከፍሎ ስንት ዘመን የተከራከረ አገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ፊት ጉባኤ እስኪቆም ድረስ። ክርክር ለእኛ ብርቅ አይደለም። ፈረንጆቹም ጋ እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ ሰባኪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ዋይትፊልድ በዚሁ በምርጫ ጉዳይ ክፉኛ ተጣልተው ነበር። ዋይትፊልድ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ግን የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነው። ከዚያ ያነሰ ጨዋነት እዚህ አይፈቀድም።

ባለ ኖራ (ዳሞት)፦

እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሃይማኖቱን እንደ ማንኛውም ምእመን ነው የማውቀው። የእኛ ቄስ እንዲህ ይሉ ነበር፦ የጮቄ ዝናብ ለሁሉም ማሳ ይዘንባል፤ ያላረሰ ዝናቡን አይክሰስ። ለእኔ በቂ መልስ ነበር።

ሮሜ ስምንት፦

አያ ባለ ኖራ፣ በሙያዎ ልጠይቅዎት። እርስዎ ያሉበት አካባቢ መሬቱ አሲዳማ አይደለም እንዴ? ዝናቡ ዘነበ፣ ገበሬው አረሰ፣ ማዳበሪያም ጨመረ። ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ችግሩ ከመሬቱ ነው። መሬቱ ራሱን አያክምም። የሰው ልብ እንደዚያ ነው የምንለው እኛ። አሲዱን የሚሰብረውን ኖራ ማን አመጣው ነው ጥያቄው።

ባለ ኖራ (ዳሞት)፦

ኧረ ጉድ! ስሜን አይተህ ነው የመጣኸው 😀

እውነትህን ነው። አሲዳማ መሬት ላይ ማዳበሪያ ብትከምር ሰብሉ አይጠቀምበትም። ኖራ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል። ገበሬው ከቤቱ አያመርተውም፤ ከውጭ ነው የሚመጣለት። እስከዚህ ከአንተ ጋር ነኝ።

ግን የሥራዬን ልንገርህ። ኖራው ቀበሌ ድረስ መጥቶ ሜዳ ላይ ተከምሮ አይቻለሁ። ክረምቱ ሲገባ ዝናብ እየመታው ድንጋይ ይሆናል። አንዱ ገበሬ በአህያ እየተመላለሰ ወሰደ። ጎረቤቱ «ዱቄት መሬት ላይ በትኜ ልክሰር?» ብሎ ተወው። ሁለቱም መሬታቸው አንድ ዓይነት ነበር፤ ድንበርተኛ ናቸው። ታዲያ ያልወሰደው ኖራ አልተመደበለትም ልበል?

ሮሜ ስምንት፦

ጥሩ ነው። የወሰደው ለምን ወሰደ? ብልህ ስለሆነ ከሆነ ይመካበታል። ጳውሎስ ደግሞ ማንም እንዳይመካ ነው የሚለው።

የዲማው፦

የተቸገረ ሰው የተሰጠውን ቢቀበል በምኑ ይመካል ወንድሜ? እጁን ስለዘረጋ ሰጪ ነኝ የሚል ለማኝ አላየሁም። እኔ ራሴ በቆሎ ተማሪነቴ አኩፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብያለሁ። የአንድ ቤት ቁራሽ ተቀብዬ የጋገርሁት እኔ ነኝ ብዬ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ጸጋው ይቀድማል በሚለው አንጣላም። አፈወርቅ ዮሐንስ 6፥44ን ሲተረጉም፣ ቃሉ ረዳት እንደሚያስፈልገን ያሳያል እንጂ ፈቃዳችንን አያጠፋም ይላል። እኛን የሚከብደን «ሁሉ» የሚለውን ማጥበቡ ነው። ጌታ በኢየሩሳሌም ላይ ምን አለ? «ልጆችሽን እሰበስብ ዘንድ ስንት ጊዜ ወደድሁ! አልወደዳችሁምም»። እሱ ወደደ፤ እነሱ አልወደዱም። ሁለቱም በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጽፏል።

የአውግስጢኖስ ነገር ደግሞ፣ እሱ ሰው በራሱ ኃይል መዳን ይችላል ከሚለው ከፔላግዮስ ጋር የተሟገተው በላቲኖቹ ዘንድ ነው። የእኛ መምህራን ያደጉት በቄርሎስና በአፈወርቅ ነው። ለዚያ ነው ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመጣ እንግዳ የሚሆንብን።

ሮሜ ስምንት፦

ፈርዖንስ? «ልቡን አጸናለሁ» ብሎ የለም? ያውም ዘጸአት 4 ላይ፣ ሙሴ ገና ግብፅ ሳይገባ።

የዲማው፦

ምዕራፍ 4 ላይ የሚሆነውን ነገረው። አፈጻጸሙን ስታይ ግን ምዕራፍ 8 ላይ ፈርዖን ራሱ ልቡን አደነደነ ይላል። እግዚአብሔር አጸናው የሚለው ምዕራፍ 9 ላይ፣ ከስንት መቅሠፍት በኋላ ይመጣል። የኔታ «የወደደውን ሰጠው» ይሉን ነበር።

ሮሜ ስምንት፦

ምዕራፍ 4ን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዘለልኸው። አልለቅህም፤ ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

አንደኛ ዓመት፦

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ይሁዳስ? አሳልፎ እንደሚሰጠው ተጽፎ ከነበረ ምን ምርጫ ነበረው? ሰሙነ ሕማማት በመጣ ቁጥር ያሳዝነኛል።

የዲማው፦

ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። አፈወርቅም በማቴዎስ ትርጓሜው ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ መልሷል። ትንቢቱ ስለተነገረ ይሁዳ ከዳተኛ አልሆነም፤ ከዳተኛ ስለሚሆን ትንቢቱ ተነገረ ነው የሚለው። ደግሞ እግሩን ታጥቧል፤ ከማዕዱ ቆርሷል። እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አልተባረረም። ጴጥሮስም በዚያው ሌሊት ክዷል፤ እሱ አልቅሶ ተመለሰ።

ማዶ ባይ፦

እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ አገሬ ወለጋ ነው፤ ለሥራ ፍኖተ ሰላም ነኝ። አንድ ነገር ላስተካክል። «ጴንጤ እንዲህ ይላል» እያላችሁ ሁሉንም አንድ ላይ አትጠቅልሉን። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊ ናት። ሉተራውያን በ1577 እ.ኤ.አ. በጻፉት የስምምነት ሰነድ የዳነ በጸጋ ተመርጦ ዳነ፤ የጠፋ በገዛ ክፋቱ ጠፋ ብለዋል። ሁለቱን በሎጂክ አንድ ላይ ለመስፋት አትሞክሩ ነው ነገሩ። ጥሪውም ለሁሉ የእውነት ጥሪ ነው።

በሆላንድ ደግሞ ሰው ጸጋውን ሊቀበለውም ሊገፋውም ይችላል የሚሉት የአርሚንዮስ ተከታዮች በ1610 አምስት ነጥብ አወጡ። በዶርት ጉባኤ (1618–1619) የካልቪን ወገን መለሰላቸው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምትሰሟቸው አምስቱ የካልቪን ነጥቦች ከዚያ የመጡ ናቸው። እኛ አገር አብዛኛው የጴንጤቆስጤ ወንድም፣ ስሙን ባያውቀውም፣ ወደ አርሚንዮስ ያደላል። የአክስትሽ ልጅ የሚለውን የራሱ ፓስተር ላይቀበለው ይችላል።

የሰከላ እናት፦

ልጆቼ፣ እኔ አልተማርሁም፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የአርባ ቀን ዕድል ያለችውን እናት አትሳቁባት። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ልጇ የሞተባት ሴት ፊቷን ስትነጭ ምን ይባላል? «ባሳክመው ኖሮ፣ ባልከው ኖሮ» እያለች ራሷን ስትገድል፣ «ተይ፣ ቀኑ ነው» ይሏታል። ጸጸቱን ለማውረድ ነው። ዶግማ አይደለም።

ጎረምሳ ሲለው ግን እኔም እቆጣለሁ። ጠጥቶ ሚስቱን መትቶ «ዕድሌ ነው» የሚል አለ። የአንተ ዱላ ነው እንጂ ምን ዕድል አለው!

ደግሞ በአርባ ቀን ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን እኔ አውቃለሁ። ወንዱን ታጠምቃለች። ሴቷን በሰማንያ። ዕድል በአርባ ቀን የሚጻፍ ከሆነ ለእኛ ለሴቶቹ መቼ ሊጻፍልን ነው?

በኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16፣ ቄሱ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሲያነቡ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። ያ ሁሉ ሰው የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ማረችው። እሱ ከተማረ እኔ በማን ላይ «ይኼ አልተመረጠም» እላለሁ?

ሮሜ ስምንት፦

እማማ፣ ይህን ታሪክ እንደ እናንተ አልቀበለውም፤ በዚህ እንለያያለን። የመጨረሻዋን ግን እኔም እላታለሁ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አይቶ ማን የተመረጠ ነው ይል ነበር? የተመረጠውን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው። ማንም በሰው ግንባር ላይ የማንበብ ሥልጣን የለውም።

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ እናቴን አነበብሁላት፤ «የኔ ዓይነት ሰው ተገኘ» አለች።

አሁን እውነቱን ልናገር። የጠየቅሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ቀን ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጾሙን ተወ። ንስሐ አባታችን ሲመጡ ጓዳ ይገባል። ስጠይቀው «ከተመረጥሁ የትም አልቀርም፤ ካልተመረጥሁም መልፋት ነው» ይለኛል። እየቀለደ ይሁን ከልቡ አላውቅም። ይጠጣል ደግሞ። ምን ልበለው?

ሮሜ ስምንት፦

እህቴ፣ ይህን ስላነበብሁ አዘንሁ። ወንድምሽ የያዘው ካልቪንን አይደለም። ከእኛ ወገን ይህን የሚያስተምር አስተማሪ ካለ የራሱን መጽሐፍ አላነበበም። የእኛው የካልቪን ወገን የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ እንኳ ይህ ትምህርት በልዩ ጥንቃቄ ይያዝ ይላል። ዶሮ ወጥ ላይ ለሞቅታ የሚነሳ አይደለም። የአክስትሽን ልጅ በዚህ እወቅሰዋለሁ።

የሐዋርያት ሥራ 27ን አብራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም እየሄደ ነው። ማዕበል ተነሣ፤ መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ። መልአኩ መጥቶ ከአንተ ጋር ያሉትን ሁሉ እግዚአብሔር ሰጥቶሃል አለው። የማንም ነፍስ አይጠፋም። ይህ ከላይ የመጣ ቃል ነው፤ አለቀ። ከዚያ መርከበኞቹ ታንኳ አውርደው ሊያመልጡ ሲሉ ያው ጳውሎስ ምን አለ? «እነዚህ በመርከቡ ካልቈዩ እናንተ ትድኑ ዘንድ አትችሉም»። ቃሉን ሰምቻለሁና ልተኛ አላለም። እንዲያውም እህል ቅመሱ ብሎ መከራቸው። እግዚአብሔር መድረሻውን ከወሰነ መንገዱንም ወስኗል። ጸሎት፣ ንስሐ፣ ቃሉን መስማት፤ እነዚህ መንገዱ ናቸው። ከመርከቡ ዘልሎ «ከተመረጥሁ እደርሳለሁ» ማለት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

የዲማው፦

እግዜር ይስጥህ። እኔ ከዚህ የተሻለ አልመልስም ነበር፤ ከአንተ መስማቱ ደግሞ ለልጁ ሳይሻል አይቀርም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በክርክር አትጀምሪው። ልጁ ሌላ የከበደው ነገር ይኖር ይሆናል፤ «አልተመረጥሁም» የሚለው መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ሥራ አለው? ከማን ጋር ነው የሚውለው? ንስሐ አባታችሁ ቤት ድረስ እንዲመጡ አታድርጊ፤ ይሸሻቸዋል። ይልቅ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ብቻቸውን ቢገናኙ። ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት ቁጭ ብለው እንዲያወሩት ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንዳንድ ቄስ ይቸኩላል፤ ይቅር ይበለኝ።

የሰከላ እናት፦

መጠጡንም ቀስ በይው። እናቱ አረቂ የምታወጣ ከሆነች ለጊዜው ከቤት ታርቀው።

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)፦

አነጋገርሁት። ስብከት ሳይመስል «መድረክ ላይ እንዲህ ተባለ» ብዬ ሥራ 27ን አሳየሁት። ስልኬን ነጥቆ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ይኸው ጥያቄ ላከባችሁ፦ «ቁጥር 32 ላይ ወታደሮቹ የታንኳውን ገመድ ቆርጠው ጣሉት። መርከበኞቹ ወደው መች ቀሩ? ተገደው ነው የዳኑት። ታዲያ የቱ ነው ነጻ ፈቃድ?»

ሮሜ ስምንት፦

ይኼ ልጅ የእኛ ነው!

የዲማው፦

ቸኮልህ። ገመዱን የቆረጡት እኮ የጳውሎስን ምክር የሰሙ ወታደሮች ናቸው። ሲነሡ የመቶ አለቃው ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪ ሰምቶ ነው እዚህ መከራ የገቡት። አሁን ሰሙት። መስማት ያው የፈቃድ ሥራ ነው።

ባለ ኖራ (ዳሞት)፦

መርከበኞቹ ግን አልሰሙም፤ ተቆረጠባቸው። ልጁ እውነት አለው።

የዲማው፦

አያ፣ ከማን ወገን ነዎት እርስዎ?

ጠያቂዋ (ደብረ ማርቆስ)፦

ቆዩ፣ እኔን እንደ ፖስተኛ አታመላልሱኝ። ወንድሜ ራሱ አካውንት እየከፈተ ነው። መልሱን ለሱ አስቀምጡለት።